18 ሰዓት ለጦርነቱ፣ ለተረፈው ሕይወት ስንት ሰዓት?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ኬን በርንስና ሊን ኖቪክ ስለ ቬትናም ጦርነት የሠሩትን ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ሰሞኑን ለሁለተኛ ጊዜ ተመልክቼ ጨረስኩ። በሴፕቴምበር 2017 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የቀረበ፣ 10 ክፍሎች ያሉት፣ በጠቅላላው 18 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ዝግጅቱ 10 ዓመት ያህል ወስዷል። እንደ ቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኪሲንጀርና እንደ ሴናተር ማኬይን ያሉ ስመ ጥር ሰዎች ለቃለ መጠይቅ አልተቀመጡበትም። 80 ከሚጠጉት ምስክሮች አብዛኞቹ ተራ ወታደሮች፣ እናቶች፣ እህቶች፣ ከሰሜንም ከደቡብም የተዋጉ ቬትናማውያን ናቸው።

ከሁሉም ውስጤ የቀረው ጆን መስግሬቭ የተባለው ምስክር ነው። በ1967 ክፉኛ የቆሰለ የማሪን፣ ማለትም የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር፣ ወታደር ነው። ጨለማ ዛሬም ድረስ እንደሚያስፈራው፣ ሲተኛ ትንሽ የሌሊት መብራት እንደሚያበራ ሳያፍር ይናገራል። ልጆቹ አድጋችኋልና የሌሊት መብራት ይብቃችሁ ሲባሉ፣ አባታቸው እስካሁን ለምን እንዳለው ጠየቁ። አባታቸው ጦርነት ላይ የነበረ ሰው መሆኑን በትክክል የተረዱት ያን ጊዜ ነው።

ቅር ያለኝን ልናገር። ጦርነቱ ከ1965 እስከ 1975 ሲካሄድ ፊልሙ ወር በወር፣ ኮረብታ በኮረብታ ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው አርባ ዓመት ግን በመጨረሻው ክፍል ብቻ ተጠቅልሎ ያልቃል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ይህ የኋለኛው ዘመን ነው፤ ምክንያትም አለኝ። ቨርጂኒያ እንደመጣሁ ስድስት ዓመት በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቻለሁ። የሌሊት ተረኛ ባልደረባዬ ቬትናማዊ ሽማግሌ ነበሩ። በፖቶማክ ወንዝ በኩል ሄሊኮፕተር ባለፈ ቁጥር በእጃቸው ያለውን ነገር ያስቀምጣሉ፤ ቡናም ይሁን ሳንቲም፣ የደንበኛ ቁልፍም ይሁን። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ድምፁ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ጦርነት ካለፈ በኋላ በቤት፣ በመሬትና በልጆች ላይ የሚቀረውን ነገር ፊልም ሠሪዎች ለምን መጨረሻ ላይ ብቻ ያስቀምጡታል? እናንተስ ምን ታዘባችሁ?

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም ይህ የኢንተርኔት ውይይት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ 34 መልሶች አገኘ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ስለሚቸገሩ፣ የተባለውን በቅደም ተከተሉ እኔው እተርካለሁ።

መልስ 1 ከዳላስ የመጣ ነው። ጸሐፊው በትሕትና ጀምሮ አንድ የዘነጋሁትን ነገር አስታወሰኝ። ፊልሙ ገና ሲጀምር ስለ ዝምታ ያነሣል። ካርል ማርላንቲስ የተባለው የቀድሞ መኮንን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ ታሪክ ያነሣል። እሱና ባለቤቱ ከአንድ ባልና ሚስት ጋር 12 ዓመት ወዳጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ባሎች ቬትናም የዘመቱ ማሪኖች መሆናቸው የታወቀው ከ12 ዓመት በኋላ ሚስቶቹ ሲጨዋወቱ ነው። የዳላሱ ወንድም እንደሚለው የፊልሙ ዋና ጉዳይ ከመጀመሪያው ይኸው ሆድ ይፍጀው ነው፤ እኔ መጨረሻው ላይ የፈለግሁት ነገር መጀመሪያው ላይ ተቀምጧል። ትክክል ነው፤ ተቀብያለሁ። ሆኖም መግቢያ ላይ ማንሣትና አምስት ሰዓት ሰጥቶ መተረክ ለእኔ አሁንም ይለያያሉ።

መልስ 2 ፊልሙን የት ማግኘት እንደሚቻል የሚጠይቅ አጭር ጽሑፍ ነበር።

መልስ 3 ያቀረበው የታሪክ መምህር ነው፤ ሁለት እርማት ሰጠኝ። አንደኛ፣ ጦርነቱ በ1965 ጀመረ ማለቴ ስሕተት ነው። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የአሜሪካ ማሪኖች ዳናንግ ላይ አረፉ እንጂ ቬትናማውያን ከ1946 ጀምሮ ከፈረንሳይ ጋር ሲዋጉ ነበር፤ ፈረንሳይ ዲየን ቢየን ፉ ላይ የተሸነፈችው በ1954 ነው። የፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል ራሱ ታሪኩን ከ1858 ይጀምራል። ሁለተኛ፣ አሥረኛው ክፍል የሚጀምረው ከ1973 ስለሆነና ብዙው ጊዜ ለደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ለሳይጎን መውደቅ ስለሚሄድ፣ ለኋለኛው ዘመን የቀረው እኔ ካልኩትም ያንሳል። ሲያርም አልቆጣም፤ ግን አንድም ቃል አላባከነም።

መልስ 4ን ሁሉም እንዲያነበው እፈልጋለሁ። ከሂዩስተን የሚጽፉ ጋሼ ናቸው፤ ከእኛ በዕድሜ ይበልጣሉ። እሳቸው ተማሪ በነበሩበት ዘመን በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆ ቺ ሚንን ስም ከቼ ጉቬራ ጋር እያነሡ ይዘምሩ ነበር፤ ቬትናም ለእነሱ የሩቅ አገር አልነበረችም። ሚያዝያ 22 ቀን 1967 በእኛ አቆጣጠር ሳይጎን ስትያዝ፣ ጋሼ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲዳሞ ውስጥ ነበሩ። የመሬት አዋጁ ከታወጀ ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም። ዜናውን በትራንዚስተር ሬዲዮ የሰሙት ዘማቾች ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥተው ዝናብ ላይ ጨፈሩ።

ዛሬ ሂዩስተን ውስጥ ጎረቤታቸው የደቡብ ቬትናም መኮንን ልጅ ናት። በበዓል ቀን ምግብ ታመጣላቸዋለች፤ እሳቸውም በፋሲካ ዳቦ ይልኩላታል። አባቷ በዚያው ቀን የደንብ ልብሱን አውልቆ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ፣ በልጁ ሸሚዝ እንደሸሸ ነግራቸዋለች። እሳቸው ግን በዚያች ቀን መጨፈራቸውን እስካሁን አልነገሯትም። ፊልሙን ሲያዩ ሄሊኮፕተሮቹ ከጣሪያ ላይ ሰው ሲያነሡ ቴሌቪዥኑን ዘግተው እንደወጡ ጽፈዋል። ምክር አልጠየቁም፤ ማንም ምክር አልሰጣቸውም። መልስ 10፣ 11 እና 12 ለእሳቸው የቀረቡ የምስጋና ቃላት ብቻ ናቸው።

መልስ 5 ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። አንድ ወጣት የእኛ የቃኘው ሻለቃም ቬትናም ውስጥ ከአሜሪካኖች ጋር ተዋግቶ ነበር፣ ፊልሙ ለምን አልጠቀሰውም ብሎ ጻፈ። መልስ 6 በቁጣ መጣበት፦ ታሪክ ሳያውቁ መጻፍ የሟቾችን ስም መበደል ነው፤ ቃኘው የዘመተው ኮሪያ ነው፣ የመጀመሪያው ሻለቃ በ1951 ቡሳን ወደብ ደረሰ፣ ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱበት፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም ሰው አልተማረከበትም። ልጁ አልተጣላም። በመልስ 7 አያቱ ኮሪያ ዘማች እንደነበሩ፣ ጥይት የመታው ቁርጭምጭሚታቸው በክረምት ሲያማቸው በልጅነቱ ያሽላቸው እንደነበረ፣ ነገር ግን ስለ ጦርነቱ በቤት ውስጥ ስለማይወራ ኮሪያና ቬትናም በአእምሮው ውስጥ አንድ ሆነው እንዳደጉ ገለጸ። መልስ 6ን የጻፈው ሰው ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ ስለ ኮሪያ ሰፈር ቤቶች ረጅም ነገር ጨመረ፤ ርእሳችን ስላልሆነ አልፈዋለሁ። የልጁን ስሕተት ግን አላልፈውም። በአንድ ቤት ውስጥ እግር እየታሸ ሁለት ጦርነቶች እስኪቀላቀሉ ድረስ ምንም አለመነገሩ፣ እኔ ከጠየቅሁት ጥያቄ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

መልስ 8 ያላሰብኩት ነበር። በስደተኞች ጉዳይ ላይ የምትሠራ እህት ናት፤ ከሲያትል ነው የጻፈችው። የቬትናም ጦርነት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ያተረፈውን ነገር ፊልሙም እኔም ረስተነዋል አለች። ሳይጎን በወደቀችበት ዓመት 130 ሺህ ገደማ ሰዎች ከኢንዶቻይና ወደ አሜሪካ ገቡ፤ በካሊፎርኒያ፣ በአርካንሳስ፣ በፍሎሪዳና በፔንሲልቬንያ በተከፈቱ አራት ጊዜያዊ ካምፖች ተስተናገዱ። ከዚያ በጀልባ የሚሸሹት ተከተሉ። መንግሥት በየጊዜው የተለየ ፈቃድ እየሰጠ መቀጠል ስላልቻለ፣ ፕሬዚዳንት ካርተር በመጋቢት 1980 አዲስ የስደተኞች ሕግ ፈረሙ። ከዚያ በፊት ሕጉ ስደተኛ ይል የነበረው በዋናነት ከኮሚኒስት አገርና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸውን ነው፤ አዲሱ ሕግ የተባበሩት መንግሥታትን ትርጉም ተቀብሎ በሩን ለሌላው ዓለምም ከፈተ። በሱዳን ካምፖች የነበሩ ወገኖቻችን በ1980ዎቹ የገቡት በዚህ በር ነው።

ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፎልስ ቸርች ከሚገኘው የኤደን ሴንተር የቬትናማውያን ገበያ ቡና ገዝቼ፣ ትንሽ ነድቼ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ ስገዛ ኖሬያለሁ። በገበያው መኪና ማቆሚያ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ያለው ቢጫው የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ከአሜሪካው ጎን ይውለበለባል። የሌለ አገር ባንዲራ እያልኩ ሳልፈው ነበር። እኔ ራሴ በዚያ ሽንፈት ምክንያት በተጻፈ ሕግ እዚህ ቆሜ እንደምኖር ግን አንድ ቀን አላሰብኩም።

መልስ 9 ከሚኒያፖሊስ ነው። ጸሐፊዋ ወጣት ሴት ናት፤ የመስግሬቭን መብራት አንብባ መጻፍ እንደጀመረች ትናገራለች። አባቷ በ1970 በእኛ አቆጣጠር በጅጅጋ ግንባር ተሰልፈዋል። ልጅ ሳለች በቤታቸው ፋኖስ ሌሊቱን ሙሉ ዝቅ ብሎ ይበራ ነበር፤ ጋዙ ሲያልቅ አባቷ ይነሣሉ። አሜሪካ ከመጡ በኋላ የመተላለፊያው አምፖል ፋኖሱን ተካ። እናቷ ስለ መብራት ክፍያ አንድም ቀን አጉረምርመው አያውቁም፤ በሌላ ነገር ሁሉ ግን ቆጣቢ ናቸው። እሷ ሁልጊዜ ለልጆቹ ሲባል የሚበራ ይመስላት ነበር። ልጆቹ አድገው ከቤት ከወጡ ቆይተዋል፤ አምፖሉ ግን አሁንም ይበራል።

መልስ 13 የክሩን ድምፅ ለወጠው። ከስቶክሆልም የሚጽፍ ሰው ነው። ፊልሙ አሜሪካ ራሷን የምታባብልበት ነው አለ። መግቢያው ላይ ተራኪው ጦርነቱን ቅን ሰዎች በቅን ልቦና ጀመሩት የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለመቀበል እንደማይችል፣ ለዚህም ማስረጃው በፊልሙ ውስጥ ራሱ እንዳለ ዘረዘረ፤ ሹማምንቱ እንደማያሸንፉ እያወቁ ለሕዝብ ሌላ ይናገሩ ነበር። ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ሟቾች መታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከ58 ሺህ በላይ ስሞች አሉ። የቬትናም መንግሥት በ1995 ያወጣው የሟቾች ቁጥር ግን 1.1 ሚሊዮን ተዋጊና 2 ሚሊዮን ሲቪል ነው። ለእነዚህ ግድግዳ ቢሠራ ርዝመቱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ጠየቀ። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር አልነበረውም። ከዚያ ግን እኛን ሁላችንን የአሜሪካ እንጀራ ዓይናችንን እንደሸፈነው፣ ለአንድ ማሪን መብራት እያለቀስን ለመንደሩ ሰው እንዳላለቀስን ጻፈ።

መልስ 14 የዳላሱ ሰው ነው፤ ያ የመልስ 1 ትሕትና አልነበረበትም። የሚሠራበት ምግብ ቤት ባለቤት ከጦርነቱ በኋላ ለሰባት ዓመት በመልሶ ማስተማሪያ ካምፕ የታሰሩ የደቡብ ቬትናም ወታደር ናቸው፤ ፊልሙን ሲያዩ የተናደዱት በተቃራኒው ምክንያት ነው። የሰሜን ወታደሮች በክብር ሲናገሩ፣ የእሳቸው ጦር እንደ ፈሪና እንደ ሌባ ብቻ መቅረቡ አስቆጥቷቸዋል። ከስቶክሆልም ሆኖ ሚሊዮን እየቆጠሩ መፍረድ ቀላል ነው ሲል ደመደመ። መልስ 15 ደግሞ ከስቶክሆልም ተመልሶ መጣ፤ የዋህ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ተጠቅሟል።

በዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። የስቶክሆልሙ ወንድም ቁጥር ትክክል ነው፤ ስለ መግቢያው ዓረፍተ ነገር ያለውንም እጋራለሁ። ነገር ግን ለመስግሬቭ ማዘን ለመንደሩ ሰው አለማዘን አይደለም። የባልደረባዬን እጆች ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ ያየሁ ሰው ነኝ፤ በየትኛው ወገን እንደተሰለፉ እንኳን አላውቅም።

መልስ 16 ነገሩን ወደ መሬት መለሰው። የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚቆየው የአእምሮ ጭንቀት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመዘኛ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የገባው በ1980 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰውየው ደካማ፣ ሰካራም ወይም ዕብድ ይባል ነበር። የቬትናም ዘማቾች ራሳቸው በየሰፈሩ ተሰብስበው እየተነጋገሩ፣ አብረዋቸው ከቆሙ ሐኪሞች ጋር ሆነው ስሙን አስገኙት። አሁን ከሌላ ጦርነት የመጣ ስደተኛ ሁሉ ሐኪም ቤት ሲገባ የሚጠየቀው ጥያቄ ከዚያ የመጣ ነው።

ስለ ኤጀንት ኦሬንጅም በዝርዝር ጻፈች። ከ1961 እስከ 1971 ከ70 ሚሊዮን ሊትር በላይ ቅጠል አርጋፊ መርዝ በደቡብ ቬትናም ደንና እርሻ ላይ ተረጨ፤ በውስጡ የነበረው ዳዮክሲን የተባለ መርዛማ ኬሚካል በአፈርና በኩሬ ደለል ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በ1991 በወጣው ሕግ መሠረት ቬትናም ምድር የረገጠ አሜሪካዊ ወታደር ከተዘረዘሩት ሕመሞች አንዱ ሲይዘው፣ በመርዙ መነካቱን እንዲያረጋግጥ አይጠየቅም፤ እዚያ መገኘቱ ይበቃል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ሳይቀር በዝርዝሩ ውስጥ አለ። የቬትናም ተጎጂዎች ግን አምራች ኩባንያዎቹን ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ከሰው በ2005 ክሳቸው ውድቅ ሆነ። አንዱ መኖሩን ብቻ ያስረዳል፤ ሌላው ተወልዶ ያደገበት መሬት ማስረጃ አልሆነለትም። መልስ 13ን ሳትሰድበው፣ ከእሱ የበለጠ ጠንካራ ነገር ተናገረች። እኔ ለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

መልስ 17 ግድግዳው ላይ ስሞቹ በፊደል ተራ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ 18ን የሰጠው ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዳ ወንድም ነው። በፊደል ተራ አይደሉም፤ በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ናቸው። ሁለቱ ጥቁር የድንጋይ ክንፎች ከሚገናኙበት ማዕዘን ተጀምረው ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ ከግራው ጫፍ ይቀጥሉና ተመልሰው በዚያው ማዕዘን ያበቃሉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሟች ጎን ለጎን ናቸው። ንድፉን የሠራችው ማያ ሊን ስትመረጥ የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። ከሞቱ ከተረጋገጠው ስም ጎን የአልማዝ ቅርጽ፣ ከጠፋው ስም ጎን መስቀል ይቀረጻል፤ የጠፋው ሰው አጥንት ሲገኝ መስቀሉ ላይ አልማዙ ይደረብበታል።

ይህን ሁሉ የነገሩት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። አንድ ቀን ከሆቴል የጫናቸው ሽማግሌ ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ ሲደርሱ ከመኪናው አልወረዱም። ወረቀትና እርሳስ ይዘዋል፤ ስም ላይ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ለመገልበጥ ነው። ቆጣሪው እየሠራ ሃያ ደቂቃ ያህል በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ ሆቴሉ እንዲመልሳቸው ጠየቁ። ወረቀቱን መቀመጫው ላይ ትተውት ወረዱ፤ ባዶ ነበር። ወንድማችን ቆጣሪውን ቀድሞ ባለማጥፋቱ እስካሁን ይቆጨዋል።

መልስ 19 የአዲስ አበባውን የትግላችን ሐውልት አነሣ፤ ለኩባ ወታደሮችም መታሰቢያ እንደሆነ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በየቀኑ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ሲያልፍ ቀና ብሎ እንደማያየው ጻፈ። ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ሆነ። ከመልስ 20 እስከ 23 ያለው ስለ ራሳችን ጦርነቶች ነው፤ ማን ጀመረ፣ ማን ከዳ፣ የማን ሙታን አልተቆጠሩም። ሁለት ሰዎች በብሔር ስም ተጠራሩ። አወያዩ ሁለት መልሶችን ሰርዞ አስጠነቀቀ። የተሰረዘውን አልደግመውም። አንዱ ተናጋሪ ግን ከመሄዱ በፊት ያለው ነገር እውነት ነበር፦ ፊልሙ የተሠራው ከሳይጎን መውደቅ አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ቁስሉ ትንሽ ከደረቀ በኋላ ነው፤ እኛ ገና ሳንታከም ልንነጋገር ነው የተቀመጥነው። መምህሩ በመልስ 24 የተናገረው የክሩን ሙቀት አበረደው። በፊልሙ የሚናገረው ባኦ ኒን የሰሜን ወታደር ነበር። በጦርነት ውስጥ ጥፋት እንጂ አሸናፊና ተሸናፊ እንደሌለ፣ ማን አሸነፈ እያሉ መከራከር የሚወዱትም ያልተዋጉ ሰዎች እንደሆኑ ይመሰክራል። መምህሩ ይህን አስታውሶ፣ እዚህ ከተከራከሩት መካከል ማን እንደዘመተ ጠየቀ። መልስ አልመጣም።

መልስ 25 ከአንዲት እናት ነው፤ ለ14 ዓመት ልጅ ይታያል ወይ ብላ ጠየቀች። ነርሷ በመልስ 26 የሬሳ ምስል እንደሚበዛበት ነግራ ከእናቱ ጋር ሆኖ እንዲያይ መከረች። በዚህ ሁሉም ተስማምተዋል።

መልስ 27 ከስቶክሆልም ነው። ድምፁ አልለሰለሰም፤ ይዘቱ ግን የከበደ ነበር። ስለ ላኦስ ነው። ከ1964 እስከ 1973 አሜሪካ በዚያች ትንሽ አገር ላይ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጣለች፤ አንዱ ቦምብ ተከፍቶ ብዙ ትናንሽ ፈንጂዎችን የሚበትነው የክላስተር ቦምብ የበተናቸው ፈንጂዎች 270 ሚሊዮን ይገመታሉ፣ ከእነሱም እስከ 30 በመቶው ሳይፈነዳ መሬት ውስጥ ቀረ። መጠናቸው የቴኒስ ኳስ ያህል ስለሆነ ልጆች መጫወቻ ይመስላቸዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ያልተወለደ ገበሬ ዛሬ ማረሻውን መሬት ውስጥ ሲሰካ ይሞታል። 18 ሰዓት ያለው ፊልም ለላኦስ ስንት ደቂቃ ሰጠ ሲል ጠየቀ። የዳላሱ ወንድም ከሥር ሁለት ቃል ብቻ ጻፈ፤ ልክ ነህ የሚል። እኔ የመክፈቻ ጽሑፌን እንደገና ብጽፈው ኖሮ በዚህ በጀመርኩት ነበር።

መልስ 28 ስለ ቋንቋ ነው። ጣቢያው ፊልሙን በኢንተርኔት ሲለቅ የቬትናምኛ የግርጌ ጽሑፍ ጨምሮበት ነበር፤ ሁለቱ ትውልዶች አብረው እንዲያዩት ነው። ለእናትና ለአባቶቻችን በአማርኛ የሚተረጉም ሰው ቢኖር ሲል ጸሐፊው ተመኘ።

መልስ 29 የሚኒያፖሊሷ እህት ናት። የመስግሬቭን ክፍል አባቷን አጠገቧ አስቀምጣ፣ እያቆመች በአማርኛ እየተረጎመች አሳየቻቸው። ስለ መብራቱ ሲነገር አባቷ ምንም አላሉም። ጥቂት ቆይተው ሰውየው የት ላይ እንደቆሰለ ጠየቁ፤ ደረቱን መሆኑን ነገረቻቸው። ዕድሜውንም ጠየቁ። ከዚያ ፊልሙን ከመጀመሪያው እንድትከፍትላቸው አዘዙ። በየምሽቱ አንድ ሰዓት ያህል ያያሉ፤ አሁን አራተኛው ክፍል ላይ ደርሰዋል። ችግሯ ቃላት ነው። የምታውቀው የቤት አማርኛ ስለሆነ የወታደር ቃል ሲመጣ ትደናቀፋለች። ተደብቆ ጠብቆ ማጥቃትን በእጇ እየገለጸች ስታስረዳ አባቷ ሳቁባት፤ ቃሉን ግን አልነገሯትም።

መልስ 30 የሂዩስተኑ ጋሼ ናቸው። ደፈጣ ነው ልጄ ብለው ጀመሩና አንድ ገጽ ሙሉ ቃላት ጻፉላት፦ ምሽግ፣ ቅኝት፣ ከበባ፣ የተቀበረ ፈንጂ፣ ግዳይ፣ ማፈግፈግ። እያንዳንዱን በቀላል ዓረፍተ ነገር አስረዱ። መልስ 31 ላይ የቃኘው ዘማች የልጅ ልጅ፣ መልስ 32 ላይ ታክሲ ነጂው ሌሎች ቃላት ጨመሩ። መልስ 33 የስቶክሆልሙ ነው፤ ለክላስተር ቦምብ በአማርኛ ምን እንበል ብሎ ጠይቋል፤ እስካሁን የተስማማንበት ቃል የለም።

መልስ 34 ትናንት ማታ ገባ። እህታችን ምስጋናዋን ካቀረበች በኋላ፣ አባቷ በጋሼ ዝርዝር ላይ አንድ ቃል እንዳረሙ ጽፋለች። ማፈግፈግ የሚባለው በትእዛዝ ሲሆን ነው፤ ጅጅጋ ላይ መጀመሪያ የሆነው እንደዚያ አልነበረም ብለዋታል። ያ ምን ይባላል ብላ ስትጠይቃቸው፣ ነገ እነግርሻለሁ አሏት።